ለውሃ ወደ ላይ፣ ለወታደር ወደ ታች

ቤታችን ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ነበር። ዳር ስል በበጋ ከደጃፋችን ቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል ማለቴ ነው። በክረምት መወርወር አያስፈልግም፤ ወንዙ ራሱ ይመጣል።

አባቴ እዚያ ጎጆ የቀለሰው ወዶ አልነበረም። አያቴ ሲሞቱ ርስቱ በልጆቻቸው መካከል በዕጣ ተከፈለ። ለታላላቆቹ ጉብታው ላይ ያለው ቀይ አፈር ደረሳቸው፤ ለአባቴ የወጣለት ከጉብታው ሥር ያለው ረግረግ ሜዳ ነበር። ዕጣ ነውና አይከራከሩበትም። ወንድሞቹ ቤቱን ከእነሱ መሬት ላይ እንዲሠራ ፈቅደውለት ነበር፤ እሱ ግን ባዶውን የተተወ መሬት ባለቤቱ ብዙ ነው ብሎ ታች ወረደ። በእኛ አገር ርስት ለመያዝ መወለድ ብቻ አይበቃም፤ ጭስህ ከመሬትህ ላይ ሲወጣ መታየት አለበት። ካልታየ አንድ የሩቅ ዘመድ ተነሥቶ ድርሻዬ ነው ይላል።

በበጋ የሚቀኑብን ነበሩ። ጉብታው ሁሉ ደርቆ ከብቱ ገለባ ሲያላምጥ የእኛ ዳርቻ አረንጓዴ ነው። በክረምት እነዚያው ሰዎች ከላይ ሆነው ቁልቁል እያዩ ያዝኑልናል። ሁለቱንም ለምደነው ነበር። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳውን አጥለቅልቆ ከደጅ ይመለሳል፤ በአንዳንድ ክረምት ግን ቤት ይገባል። ሲገባ የግድግዳው ምርጊት ይሟሟና ማገሩ ብቻ እንደ ከሳ በሬ ጎድን አግጦ ይቀራል። መደቡ ይፈርሳል፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ደለል ይተኛል። እናቴ ደለሉን በአሮጌ ሰፌድ እየጫነች ታወጣለች፤ አባቴና እኔ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን እንደገና እንመርጋለን። ከዚያ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን። ኑሯችንን ያየ እንግዳ ሲገረም እናቴ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር። «ሌላው ሰው ቤቱን ይጠርጋል፤ እኛ እንሠራዋለን። ያው ነው።»

የጨሞጋ ሙላት ክፋቱ፣ ሰማይ ቀድሞ አይናገርለትም። ዝናቡ የሚጥለው ጮቄ ተራራ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥቶ እህል ተሰጥቶ ሳለ ውሃው ይደርሳል። ለዚህ የተበጀ ልማድ ነበረ። ከእኛ በላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ጉብታ ላይ፣ የሚነፋ የአጋዘን ቀንድ ያለው ሰው ይኖር ነበር። የላይኛው ሸለቆ ከእሱ ደጅ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ውሃው ከሸለቆው ሲወጣ ቀንዱን ይነፋል፤ እኛ እንሰማና ከእኛ በታች ላሉት እንጮኻለን። ቀንዱን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ይነፉ ነበር ይባላል፤ ይህን ግን እኔ አልደረስሁበትም። ለዚህ ሥራው ማንም ምንም አይሰጠውም። በድግስ ላይ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ይለቀቅለታል።

ቀንዱ ሲሰማ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ማንሣት ነው። እህሉ ወደ ቆጥ፣ አጎዛው ወደ ምሰሶው ራስ፣ ከብቱ ወደ ጉብታ፣ ሰውም ከከብቱ ኋላ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ሌላ ልማድ ተጨመረብን። ከከተማው ምሽግ ወታደርና ባንዳ እየወጣ ለሰፈሩ ቀለብ የሚሆን እህልና ሰንጋ ይሰበስብ ጀመር። የሚመጡት ሸንተረር ሸንተረሩን ነው፤ ከሸንተረር ላይ ጉብታው ሁሉ ይታያል፤ የማይታየው ወንዙ ውስጥ ያለው ጥሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ወታደር መጣ ሲባል የሚደረገው ማውረድ ነው። እህሉ ወደ ጉድጓድ፣ የቅቤው ቅል ወደ አመድ ሥር፣ ከብቱ ወደ ሸምበቆው። የጉብታ ሰዎች እንኳ በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ እኛ ይወርዱ ነበር። ለውሃ ወደ ላይ፣ ለወታደር ወደ ታች፤ እጅና እግራችን ሁለቱንም ሳያስብ የሚያውቀው ሆነ።

አመፁ ገጠሩን ካዳረሰ በኋላ አርበኞች ወታደር ከከተማ ሲወጣ ከተራራ ወደ ተራራ ቀንድ እየነፉ ይቀባበሉ ጀመር። ምሽጉም አዋጅ አስነገረ፤ ቀንድ የነፋ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። አዋጁ በአማኑኤል ገበያ ሲነገር አባቴ እዚያው ነበር፤ ሲመለስ የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለመርሳት የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። የእኛ ባለቀንድ ቀንዱን ከግድግዳ ላይ ሰቀለ። በዚያ ክረምት ውሃው ሳይነገረን መጣ፤ ደግነቱ ከደጅ ተመለሰ። በየተራራው ግን በስውር መነፋቱ አልቀረም፤ የሚነፋውም ወታደር ሲወጣ ነበር። ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ ቀንድ ለጆሯችን አንድ ትርጉም ብቻ ቀርቶት ነበር።

በሁለቱ ክረምቶች መካከል በነበረው በጋ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱን ወታደሮች ነዱት። ጥሻው ውስጥ ሳይገባ፣ ሜዳው ላይ ሲግጥ ነው ያገኙት። አባቴ እስከ ሸንተረሩ ድረስ እየለመነ ተከተላቸው፤ ተመልሶ መጥቶ ውሃ ጠጣና የቀረውን በሬ ሊያጠጣ ሄደ። የቀረው ዳለቻ ይባላል፤ እንደ ስሙ አመድማ ነው። በአንድ በሬ አይታረስም። ባለአንድ በሬ ሰው የሚያደርገው መቀናጆ ነው፤ እንደ እሱ አንድ በሬ የቀረው ሰው ፈልጎ ሁለቱን ይጠምዱና ጥቂት ቀን የአንዱን መሬት፣ ጥቂት ቀን የሌላውን ያርሳሉ። ጥንዱ የሚያድረው ከባለተራው ዘንድ ነው።

የአባቴ መቀናጆ የሆነው ያ ባለቀንድ ነው። የእሱም ጥንድ በበሽታ ፈርሶ ቦራ የሚሉት፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንድ በሬ ቀርቶት ነበር። ሁለቱ ሰዎች እኩያ ነበሩና ሲገናኙ ነገር መወራወር ይወዳሉ።

«ቦራን ደህና ያዝልኝ» ይለዋል ባለቀንዱ በሬውን ሲያስረክብ። «የጉብታ ልጅ ነው፤ ዋና አያውቅም።»

«ዳለቻ ያስተምረዋል» ይላል አባቴ። «የእኛ ቤት በሬ ሲወለድ መጀመሪያ ዋና ነው የሚማር።»

«እንግዲያስ ሲመለስልኝ ዓሣ አስመስለህ እንዳትልክብኝ።»

ሁለት ቤት በእነዚያ ሁለት በሬዎች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንዱ ቢጎድል መሬቱም ሰውም ጦሙን ያድራል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አያወራውም፤ ሁላችንም በሬዎቹን ስናይ ቆዳቸውን፣ ኮቴያቸውን፣ የሚያመነዥጉበትን አኳኋን እንመለከት ነበር።

የሆነው በሐምሌ ነው፤ ለጤፍ የመጨረሻውን እርሻ በምናርስበት ሳምንት። ተራው የእኛ ነበርና ቦራ እኛ ዘንድ አድሯል። ጧቱ ጥርት ያለ ነበር። በዚያ ወር እንዲህ ያለ ጧት ብርቅ ስለ ሆነ እናቴ ርጥብ የከረመውን ልብስ ሁሉ አጥሩ ላይ አሰጣች። አባቴ ቀንበሩን ጭኖ ሊጠምድ ሲል ቀንድ ተነፋ።

አባቴ እጁን አቆመ። መጀመሪያ ሰማዩን አየን፤ ባዶ ነው። ቀጥሎ በከተማው በኩል ያለውን ሸንተረር አየን፤ እዚያም ምንም የለም፤ ግን ወታደር ከሸንተረር ጀርባ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም።

«መጡ!» አለች እናቴ።

«ከወዴት ነው የተነፋው?»

«ከላይ ነው። ከወዴትስ ቢነፋ? አንቱ ሰው፣ በሬዎቹን ያውርዱ እንጂ!»

አባቴ ቀንበሩን መሬት ላይ ጣለው። እናቴ ወደ ቤት ገባች። ከቆጥ ላይ የጓያውንና የሽምብራውን ዘር ስልቻ አውርዳ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ስትሮጥ አየኋት፤ ጉድጓዱን ከድና ኩበት ትከምርበት ጀመር። እኔ ዳለቻን፣ አባቴ ቦራን ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን።

ጥሻው ያለው ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ በሚሄድበት መካከል፣ ደለል በሠራው ደሴት ላይ ነበር፤ ዙሪያው ሸምበቆ፣ መካከሉ ጥቂት የዶቅማ ዛፎች። የወዲህኛው ቦይ እስከ ጉልበት ነው፤ ተሻገርነው። ቀንዱ እንደገና ተነፋ፤ በዚህኛው ጊዜ ረዘም ብሎ።

«ቀርበዋል» አለ አባቴ። «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ ግባ!»

ዳለቻን ከዳር ካለው ዶቅማ ጋር አሰርሁት። አባቴ ቦራን ይዞ ጠለቅ ብሎ ገባ፤ የሰው በሬ ነውና ይበልጥ ሊሰውረው ፈልጎ ነው። አባቴ ሲያስር አሳምሮ ነው የሚያስር። በሬ ተፈትቶ ቢወጣ ወይም ቢያገሣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን በዚያ ቀን ገመዱን ከአንገቱ አሳጥሮ፣ ግንዱን ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረው። ቀንዱ ሳያቋርጥ ይነፋ ነበር። እንዲህ ተደርጎ ሲነፋ ሰምተን አናውቅም። በዛ ያለ ወታደር ነው ብለን ሸምበቆው ውስጥ አጎንብሰን ተቀመጥን።

ባለቀንዱ በዚያች ሰዓት ምን ያይ እንደ ነበር በኋላ ራሱ ነግሮናል። ውሃው ከላይኛው ሸለቆ እንደ ግድግዳ ሆኖ ሲወጣ አይቶ ቀንዱን ከግድግዳ አወረደና ነፋ። ወደ እኛ ቢመለከት በሬዎቹን ይዘን እንሮጣለን፤ ደስ አለው። ሩጫችን ግን ቁልቁል ነው። አልሰሙኝም ብሎ ደግሞ ነፋ፤ ቦዩን ተሻገርን። አጥብቆ ነፋ፤ ሸምበቆው ውስጥ ገባን። እሱ በበረታ ቁጥር እኛ ጠለቅን። ከዚያ ቀንዱን ጥሎ እጁን እያወዛወዘ ቁልቁል ሮጠ። እኔም በሸምበቆው መካከል ሲሮጥ አየሁትና ወታደር የሚያባርረው መሰለኝ።

ድምፁ መጣ። «በመኪና ነው የመጡት» አለ አባቴ። እኔም መኪና መሰለኝ፤ በከተማው መንገድ ካሚዮን ዳገት ሲወጣ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ድምፁ ያው ነበር። ነገር ግን መኪና የሚመጣበት መንገድ በወንዙ ወዲህም ወዲያም የለም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ሸምበቆው ወደ እኛ ተኛ። ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ሞክሬ ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ አንድ ቦታ አለ። ዳለቻን ማን ፈታው? አባቴ አንተ ነህ ይለኛል፤ እኔ እሱ ይመስለኛል። በሬው ግን ተፈትቶ፣ በመጣንበት ቦይ በኩል እየዋኘ ማዶ ሲወጣ አይቻለሁ። ውሃው ቡናማ ነበር፤ ግንድ፣ ሣር፣ የሰው አጥር ይዞ ነው የመጣው። አባቴ ወደ ቦራ ተመለሰ። ማሰሪያው ከውሃ በታች ነበር፤ ርሶ ጠብቋል፤ ማጭድ አልያዝንም፣ ማጭዱን ለእርሻ ቀን ማን ይይዘዋል? ቦራ አንገቱ አጥሮ ስለታሰረ ራሱን ከውሃው በላይ ማድረግ አልቻለም። አባቴ ውሃው ደረቱ ደርሶ ሳለ ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ ነበሩ። በመቀነቱ ይዤ ጎተትሁት። መጀመሪያ መታኝ፤ ቀጥሎ ተወ። ጎርፉ ሁለታችንንም አንስቶ ከታች በኩል ካለው የሾላ ሥር ላይ ጣለን፤ ሥሩን ይዘን ወጣን።

ባለቀንዱ ደርሶ ዳርቻው ላይ ቆሞ ነበር፤ እግሩ ይደማል፣ ጋቢው የለም። ዳለቻን አየ፣ ከዚያ ጥሻውን አየ። ጥሻ አልነበረም፤ የዶቅማዎቹ ራስ ብቻ ከውሃው በላይ ይወዛወዛል። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ስነፋ ትወርዳላችሁ» አለ። «ደግሜ ስነፋ ትገባላችሁ። ምን ላድርግ? ዝም ብል ትሞታላችሁ፤ ብነፋ ትሞታላችሁ።»

«ወታደር መስሎን ነው» አለ አባቴ።

«እኔ ለወታደር ነፍቼ አውቃለሁ?»

«ለውሃስ ትተኸው አልነበረም? ሰቅለኸው አልነበረም?»

ባለቀንዱ የሚደማ እግሩን በሣር ጠረገ። «ሰቅዬው ነበር» አለ። «ዛሬም ለእናንተ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ቦራ እዚህ አደረ ብዬ ነው ያወረድሁት።»

እናቴ ከጉብታው ግርጌ እየመጣች ነበር፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። የሰማችው የመጨረሻዋን ቃል ነው። «ለማንም ብለው ይንፉ» አለችው፣ «እኛም በጆሯችን ሰማን። ነፍስ ተርፏል፤ አሁን ተነሡ፣ ይበርዳችኋል።»

ውሃው ሲጎድል ቦራ ታስሮበት ከነበረው ዛፍ ጋር ተገኘ። ቋጠሮው አልተፈታም። ሥጋው በክት ነውና አይበላም። ባለቀንዱ ቆዳውን ገፎ ለጠፍር ወሰደው፤ ሌላውን ለጅብ ተወው። ሲገፍ አባቴ የበሬውን እግር ይዞለት ነበር።

ቤታችን ምርጊቱን ሙሉ አጥቶ ነበር። ጉድጓዱን ስንከፍት ዘሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ከፊሉ ጎንቁሏል። ሰነበትን ንፍሮ ስንበላ። እናቴ ንፍሮውን ስታቀርብ «ብሉ፣ የመጪው ዓመት ነው» ትል ነበር። መጀመሪያ ቀን ሳቅን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጭቃ ሹሙ መጣ። ሰውየው ከድሮም የአገሩ ጭቃ ሹም ነበር፤ ጣሊያኖቹ በዚያው አስቀጥለውት፣ ከላይም ከታችም እየተገፋ ከስቶ ነበር። እኛ ደጅ ላይ፣ ጭቃ ስንረግጥ፣ ባለቀንዱም ሊያግዘን ወርዶ ሳለ አገኘን።

«ቀንድ ተነፍቷል» አለ ቆሞ። «ምሽጉ ድረስ ተሰምቷል። ማን ነው የነፋው በሉኝ።»

«ለውሃ ነው» አለ አባቴ።

«ለምን አላልሁህም፤ ማን ነው ያልሁ። እነሱ ለምን የሚባል ነገር አያውቁም። ቀንዱን ይዤ ካልሄድሁ ራሴን ይዘው ይሄዳሉ።»

ባለቀንዱ እግሩን ከጭቃው አውጥቶ፣ ሳይታጠብ፣ ወደ ቤቱ ወጣ። ዘግይቶ ተመለሰ። ለጭቃ ሹሙ የሰጠው ጠላ የሚጠጣበትን አሮጌ የቀንድ ዋንጫ ነበር፤ ጫፉ ተሰብሮ ቀዳዳ አበጅቷል። ጭቃ ሹሙ አገላብጦ አየው።

«ይህ ይነፋል?»

«ጠላ ካለበት ይጠጡበታል፤ ካለቀ ይነፉበታል።»

ጭቃ ሹሙ በቀዳዳው አጮልቆ ወደ ወንዙ ተመለከተ። ከዚያ ቀበቶው ውስጥ ሸጎጠው። «ጠላውን ስንጨርስ ነው እንግዲህ ችግር የሚመጣ» አለና ሄደ። ማንም ቤት አልተቃጠለም። ለምሽጉ ምን ብሎ እንዳስረከበው አላወቅሁም፤ የጠየቀውም የለም።

ምርጊቱ ሲያልቅ አባቴ ዳለቻን ይዞ ወደ ጉብታው ወጣ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። በመቀናጆ ሥርዓት በሬ በባልንጀራ እጅ ከሞተ፣ በሽማግሌ ፊት ይታያል፤ ተንከባካቢው ያጠፋው ካለ ይክሳል። አባቴ ሽማግሌ አልጠራም። ከባለቀንዱ ደጅ ቆሞ ገመዱን ዘረጋለት።

«ይኸው በሬህ።»

«የእኔ በሬ ቆዳው እዚያ ተወጥሯል» አለ ባለቀንዱ። «ይህ ያንተ ነው።»

«ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

«የነፋሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ በቋጠሮዬ ገደልሁት።»

«እኔ በትንፋሼ ነው የገደልሁት። ባልነፋ ሜዳው ላይ ቆሞ ውሃው ሲመጣ ራሱ ይሮጥ ነበር። በሬ ከእኛ ይሻላል፤ ወዴት መሮጥ እንዳለበት አይመካከርም።»

ሁለቱም ጥፋቱን ለራሳቸው እየጎተቱ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው አንዱ የሌላውን በሬ የሰረቀ ይመስለዋል። የባለቀንዱ ሚስት ከውስጥ ወጣች። ገመዱን ከአባቴ እጅ ወሰደችው።

«እናንተ እስክትጨርሱ በሬው ቆሞ ይሙት?» አለች። «ሣር ስጡት። ከዚያ ተጣሉ።»

የተስማሙበት ነገር በቃል አልተነገረም። ዳለቻ በዚያ ሌሊት እዚያ አደረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቀንዱ ራሱ ነድቶ አመጣው፤ እንዲያ እያለ የሁለት ቤት በሬ ሆነ። ሽማግሌም አልተቀመጠ። ከአማኑኤል መንገድ ማዶ ባሏ የሞተባት ሴት አንድ በሬ ነበራት፤ ከእሷ ጋር ተቀናጁ። ሦስት ቤት በአንድ ጥንድ ማለት ነው። የጤፉ ጊዜ አለፈን፤ ተራው ሲደርሰን ዝናቡ ሊወጣ ነበር። መስከረም ላይ ወንዙ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ሜዳችን ላይ የተወው ደለል ሞፈር አያስፈልገውም ነበር። ለስላሳ፣ ጥቁር፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሰምጥበት። የባለቀንዱ ሚስት ከቆጧ ላይ የጓያ ዘር ሰጠችን፤ አባቴና ባለቀንዱ ጎን ለጎን እየሄዱ በእጃቸው በተኑት። ደህና በቀለ። ጓያ አብዝተው ሲበሉት እግር ያሰናክላል ይባላልና እናቴ እየለካች ነበር የምታቀርበው፤ ሌላ የሚበላ ግን ብዙም አልነበረም።

በዚያ በጋ ብዙ ጊዜ ስለ ቀንዱ ተነጋገሩ። አንዱ ለውሃ ሁለት ጊዜ፣ ለወታደር አንድ ጊዜ ይነፋ አለ። ሌላው፣ ለወታደር የሚነፉት እኛ አይደለንም፤ ሌሎቹን ማን ያዛቸዋል አለ። ጭስ እናጭስ ተባለ፤ በክረምት ርጥብ እንጨት አይጨስም። በመጨረሻ አባቴ፣ ከዚህ በኋላ ምንም ይነፋ ምን እኛ ሽቅብ ነን አለ።

«ወታደርስ ቢሆን?» አለው ባለቀንዱ። «በሬውን ከእጃቸው ላይ ልታስቀምጠው?»

«ወታደርን ይለምኑታል፤ መቼም አንዱ ይሰማ ይሆናል። ውሃ ጆሮ የለውም።»

እስከ ሸንተረሩ ድረስ ለምኖ ባዶ እጁን የተመለሰው ራሱ ነው። ይህን ግን ማንም አላስታወሰውም።

የሚቀጥለው ክረምት ዘግይቶ ገባ። እናቴ ዘሩን ከዚያ ወዲህ ከቆጥም ከጉድጓድም አላስቀመጠችውም፤ ስልቻውን አፉን አስራ፣ ከበሩ አጠገብ ሰውም ውሻም እንዲደናቀፍበት አድርጋ አኖረችው። ቤቱን እንደ ወትሮው ከዝናብ በፊት መረግነው። ዳለቻ በዚያ ሰሞን ተራው ከእኛ ዘንድ ነበር።

ቀንዱ የተነፋው ቀን ሰማዩ ዳምኖ ነበር፤ ሸንተረሩም ጉም ለብሷል። ከላይ ይሁን ከማዶ አልለየንም፤ ድምፁ በጉሙ ውስጥ ከሁሉም አቅጣጫ የመጣ መሰለ። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ለአንድ አፍታ እግሩ ወደ ሸምበቆው በኩል ሲዞር አየሁ፤ የለመደ እግር ነው። ከዚያ መለሰው። ዳለቻን ፈታ፤ እናቴ ስልቻውን አንጠልጥላ ከኋላው፣ እኔም ቀንበሩን ተሸክሜ ሽቅብ ወጣን።

ዳገቱ ራቁቱን ነው፤ አንድ በሬ፣ ሦስት ሰው፣ ከሸንተረሩ ላይ ለሚያይ ሁሉ ግልጥ ነበርን። አባቴ የዳለቻን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞት ነበር። ከግማሽ በላይ ስንደርስ ቆመ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«የቱ ነው?» አለኝ።

ዞሬ አየሁ። ጉሙ ከሸንተረሩ ላይ ተገፎ ነበር፤ ሰው አልነበረበትም። ከታች ድምፁ መጣ፤ ከዚያ ሸምበቆው ተኛ፣ ከዚያ ቡናማው ውሃ ሜዳውን ሞላው። አጥራችን ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁ። ውሃው በበራችን ገባ።

«ውሃ ነው» አልሁ።

«አረጋገጥህ?»

«ቤት ገብቷል።»

«ተመስገን» አለ አባቴ። ገመዱን ከእጁ ላይ ፈታ።

እናቴ ስልቻው ላይ ተቀምጣ ወደ ታች ትመለከት ነበር። «ምርጊቱ ገና አልደረቀም ነበር» አለች ለማንም ሳይሆን። ዳለቻ ከዳገቱ ላይ ያገኘውን አጭር ሣር መንጨት ጀመረ፤ አባቴም ቆሞ ሲበላ ያየው ነበር።